ጡትሽ ሲያምሽ መጀመሪያ የልጅሽን አፍ እዪ

አራስ ሊጠይቁ የሚመጡ ሰዎች ገንፎውን እየዛቁ ከሚሰጡት ምክር ሁሉ አንዱን ጨርሶ አልወደውም፤ «ቻይው፣ ጡትሽ እስኪደድር ነው» የሚለውን። አዋላጅ ነርስ ነኝ። ውሎዬ አዲስ አበባ ውስጥ በአንድ ጤና ጣቢያ ከወለዱ እናቶች ጋር ነው፤ የራሴንም ሁለት ልጆች አጥብቼ አሳድጌያለሁ። የጡት ጫፍ አይደድርም። መደደርም የለበትም። እናት ጥርሷን ነክሳ፣ የእግር ጣቶቿን ጨብጣ የምታጠባ ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ ልጁ ጡቱን የጎረሰበት መንገድ ልክ አይደለም ማለት ነው፤ እሱ ደግሞ ይስተካከላል። ስለዚህ ቅባት ከመግዛትሽም፣ ክኒን ከመዋጥሽም በፊት የልጁን አፍ እዪ።

በሽታ መስለው የሚያስደነግጡ ግን በሽታ ያልሆኑ ሁለት ነገሮች አሉ። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ልጁ ጡቱን ሲጎርስ ለጥቂት ሰከንድ ጭምድድ አድርጎ የሚለቅ ሕመም አለ፤ መጥባቱን ሲቀጥል ይጠፋል። ሌላው የሆድ ቁርጠት ነው። ልጁ ሲጠባ ኦክሲቶሲን የሚባል ሆርሞን ይለቀቃል፤ ወተቱን የሚያወርደው እሱ ነው፣ ማኅፀንንም የሚያኮማትረው እሱው ነው። ሁለተኛና ሦስተኛ ልጅ ላይ ቁርጠቱ ይበረታል። የደም መፍሰሱን የሚቀንስ ቁርጠት ስለሆነ ክፉ አይደለም፤ ከከበደሽ ፓራሲታሞል ያስታግሰዋል። ከዚህ ውጪ ግን ልጁ ከጀመረበት እስኪጨርስ የሚያምሽ ከሆነ ዝም አትበይ።

አጎራረሱ

መጀመሪያ አንቺ ተመቻቺ። ዘወትር የማየው ይህንን ነው፦ እናት አልጋ ጫፍ ላይ ጀርባዋን አጉብጣ ትቀመጥና ጡቷን ወደ ልጁ ታወርዳለች። ጥቂት ቀን ሲያልፍ ትከሻዋም ጡቷም እኩል ያማታል። ጀርባሽን ግድግዳ ወይም ትራስ ላይ ደገፍ አድርጊ፤ ልጁን በታጠፈ ጋቢ ከፍ አድርጊና እሱን ወደ ጡትሽ አምጪው። ሆዱ ሆድሽን ይንካ። ጆሮው፣ ትከሻውና ዳሌው በአንድ መስመር ይዋሉ። አንገቱን ጠምዝዞ የሚጠባ ልጅ ደህና አድርጎ አይውጥም፤ ካላመንሽ አንገትሽን ወደ ትከሻሽ አዙረሽ ውሃ ለመዋጥ ሞክሪ።

አፍንጫው ከጡት ጫፉ ትይዩ ይሁን። የላይኛውን ከንፈሩን በጡት ጫፉ ነካ ነካ አድርጊውና ጠብቂ። ትዕግሥት የሚፈልገው እዚህ ላይ ነው። ከንፈሩን ገርበብ ሲያደርግ ፈጥነሽ አታጉርሺው፤ አፉን በሰፊው እስኪከፍት ቆዪ፣ ያኔ አገጩ ቀድሞ ጡቱን እንዲነካ አድርገሽ ሳብ አድርጊው። ጭንቅላቱን ከኋላ አትግፊው፤ የሚገፋ ልጅ መልሶ ወደ ኋላ ይገፋል። ጀርባውንና ትከሻውን ያዢው፤ ጭንቅላቱ ራሱ ይመጣል።

ደህና መጉረሱን በዓይንሽ ማየት ትችያለሽ። አፉ ሰፊ ነው፤ የታችኛው ከንፈሩ ወደ ውጭ ተገልብጧል፤ አገጩ ጡቱ ላይ ተለጥፏል፤ በጡት ጫፉ ዙሪያ ካለው ጥቁር ክፍል ከላይ በኩል የሚታየው ከታች በኩል ከሚታየው ይበልጣል። ጉንጩ ሞላ ያለ እንጂ ወደ ውስጥ የሚሰረጉድ አይደለም። ቶሎ ቶሎ መጥባት ይጀምርና ወተቱ ሲወርድ ዘግየት፣ ረዘም እያደረገ ይስባል፤ መዋጡም ይሰማል። ጠቅ ጠቅ የሚል ድምፅ ከሰማሽ ጡቱ ከአፉ እየሾለከ ነው። ደግሞ ሲለቅ የጡትሽን ጫፍ ተመልከቺው። ጠፍጠፍ ብሎ ወይም አንድ ጎኑ ነጥቶ ከወጣ በድዱና በምላሱ መሃል ሲፈጭ ቆይቷል ማለት ነው።

ልክ ካልሆነ አስለቅቀሽ እንደገና አጉርሺው። ስታስለቅቂ ግን አትጎትቺ፤ መላጥ የሚጀምረው ከዚያ ነው። የታጠበች ትንሿን ጣትሽን በአፉ ጥግ በድዶቹ መሃል ሰተት አድርጊያት፤ አየር ሲገባ በራሱ ይለቃል። በአንድ ማጥቢያ ላይ አራት ጊዜ ማስለቀቅና አራት ጊዜ ማጉረስ ሊኖርብሽ ይችላል። ልጁ ያለቅሳል፣ አማትሽ «ኧረ ተዪው ይጥባበት!» ይላሉ። ይበሉ።

በኦፕራሲዮን የወለድሽ ከሆነ ልጁን በብብትሽ ስር አድርገሽ፣ እግሩን ወደ ኋላሽ ለቀሽ አጥቢው፤ ቁስልሽን አይነካውም። የተሰፋሽና መቀመጥ የሚያምሽ ደግሞ በጎንሽ ተኝተሽ፣ ልጁንም በጎኑ ወደ አንቺ አዙረሽ ማጥባት ትችያለሽ። ሶፋ ላይ ግን ይህንን አታድርጊ፤ እንቅልፍ ከጣለሽ ልጁ በትራሱና በአንቺ መሃል ሊታፈን ይችላል።

ይህን ሁሉ አድርገሽም ካልተስተካከለ ባለሙያ አፉን ከፍቶ ይየው። አንዳንድ ሕፃን ምላሱ ከስር በአጭር ጅማት የተያዘ ነው፤ ወደ ፊት መዘርጋት ስለማይችል የጡት ጫፉን ያኝካል። ይህ በጤና ተቋም የሚታይ ነገር ነው። እንጥል ማስቆረጥ ግን ሌላ ነው! «ጡት እምቢ አለ፣ እንጥሉ ወርዶ ነው» ተብለው ወደ ቆራጭ የሚወሰዱ ሕፃናት ዛሬም አሉ። እንጥል ከመጥባት ጋር ምንም አያገናኘውም። የሚያተርፈው ደም መፍሰስና ቁስለት ነው፣ ሕይወትም ይቀጥፋል። ጡት እምቢ ያለ አራስ ምናልባት ታሞ ይሆናል፤ በዚያው ቀን ወደ ጤና ጣቢያ ይምጣ።

እንገርና ሦስተኛው ቀን

እንገር ይደፋል የሚሉ አያቶች ቁጥራቸው ቢቀንስም አልጠፉም። ቢጫ ነው፣ ወፍራም ነው፣ ጡት ውስጥ የቆየ ነው ይላሉ። ከእነሱ ጋር አልጣላም፤ የአራሷን ቤት የሚያዙት እነሱ ናቸው፣ የእኔ ወረቀት አይደለም። «እማማ፣ ላምዎ ስትወልድ ጥጃዋን እንገሩን ይከለክሏታል?» እላቸዋለሁ። ይስቃሉ። ከዚያ በኋላ አልጋው አጠገብ ቁጭ ብለው አጎራረሱን የሚቆጣጠሩልኝ እነሱ ራሳቸው ይሆናሉ።

ስለ ጡት ምቾት እያወራሁ እንገርን ያነሣሁት ያለ ምክንያት አይደለም። ሕፃኑ በተወለደ በ1 ሰዓት ውስጥ ጡት ቢይዝና ከዚያም በጠየቀ ቁጥር ቢጠባ፣ ወተቱ በብዛት ሲመጣ ጡቱ ቀድሞ መንገዱን ከፍቶ ይጠብቃል። በስኳር ውሃና በቅቤ ሆዱ የተሞላ ሕፃን ግን አይጠባም፤ ጡትሽም በሦስተኛው ቀን ያጋታል።

ያጋተ ጡት ያየች ታውቀዋለች። በሦስተኛውና በአምስተኛው ቀን መሃል ነው የሚመጣው። ሁለቱም ጡቶች ይወጠራሉ፣ ቆዳው ያብረቀርቃል፣ ይግላል፣ እጅሽን ወደ ጎንሽ ማውረድ ያቅትሻል። ያጨናነቀው ወተት ብቻ አይደለም፤ ደምና ፈሳሽም ወደ ጡቱ በብዛት ስለሚመጣ ሥጋው ራሱ አብጧል። ይህንን ከያዝሽ የሚደረገውንና የማይደረገውን ራስሽ ትለይዋለሽ። በፈላ ውሃ በተነከረ ጨርቅ ለረጅም ጊዜ መተኮስ እብጠቱን ይጨምራል፤ ቆዳውም የተቃጠለ ጡት ይዛ የመጣችልኝ አለች። ለብ ያለ ጨርቅ ማድረግ ከፈለግሽ ልታጠቢ ስትይ፣ ለሁለት ለሦስት ደቂቃ፣ ወተቱ እንዲወርድ ያህል ይሁን። ከማጥባት በኋላ ግን ቀዝቃዛ ነው የሚያሽርሽ። በረዶ በፎጣ ጠቅልለሽ ወይም በቀዝቃዛ ውሃ የተጨመቀ ጨርቅ ለ10 ወይም ለ15 ደቂቃ አድርጊ። ከፍሪጅ የወጣ የጥቅል ጎመን ቅጠልም ጡት መያዣ ውስጥ ማስገባት ይቻላል። ሕመሙን የሚያቀልልን የቅጠሉ ቅዝቃዜ ይሁን ቅጠሉ ራሱ በደንብ አልተለየም፤ ብዙዎች ግን ቀለለን ይላሉ፣ ዋጋውም የአንድ ጎመን ነው።

የተወጠረ ጡት ለልጁ አፍ አይመችም፤ ጫፉ ጠፍጥፎ ይጠፋበታል። ስለዚህ ከማጉረስሽ በፊት የሁለቱን እጆችሽን ጣቶች በጡት ጫፉ ዙሪያ አስቀምጠሽ ወደ ደረትሽ አቅጣጫ ቀስ ብለሽ ተጫኚና አንድ ደቂቃ ያህል ያዢው። እብጠቱ ወደ ኋላ ይሸሽና ጥቁሩ ክፍል ይለሰልሳል። ትንሽ ወተት በእጅሽ አለቢና ወዲያው አጉርሺው። ይህቺን ዘዴ ሳሳያቸው ዓይናቸው የሚበራ እናቶች ብዙ ናቸው።

«ሙልጭ አድርገሽ አልቢው» የሚል ምክር ከሰማሽ ግን አትቀበዪ። ጡት በታለበ መጠን ነው የሚያመርተው። ዛሬ ከልጁ ፍላጎት በላይ ካወጣሽ ነገ የባሰ ያጋታል። ልጁ በ24 ሰዓት ውስጥ ከ8 እስከ 12 ጊዜ ቢጠባ፣ አንቺም ውጥረቱ እስኪላላ ብቻ ብታልቢ በሁለት በሦስት ቀን ይረጋጋል። ፓራሲታሞል መውሰድ ትችያለሽ፤ ለሚያጠባ ሰው አይከለከልም። ደረትን በመቀነት ጥፍር አድርጎ ማሰር ደግሞ ወተቱን አፍኖ ወደ ባሰ ነገር ይወስደዋል።

ሲሰነጠቅ

የተሰነጠቀ ጡት ይዘሽ ማጥባት ትችያለሽ፤ ሕመሙን ግን እኔም አውቀዋለሁና ቀላል ነው አልልሽም። አጎራረሱን ከላይ እንዳልኩሽ አስተካክዪ፤ እሱ ሳይስተካከል ምንም ብትቀቢ አይድንም። ማጥባቱን እምብዛም ከማያምሽ ጎን ጀምሪ፤ ልጁ ሲርበው የሚጠባው በኃይል ነው፣ ጠግብ ሲል ይለዝባል። አቀማመጡንም ቀያይሪው፤ አንዴ በክንድሽ ላይ፣ አንዴ በብብትሽ ስር፣ ቁስሉ ሁልጊዜ አንድ ቦታ እንዳይመታ።

ሲጨርስ የራስሽን ወተት ሁለት ሦስት ጠብታ አውጥተሽ ጫፉን ቀቢውና አየር ላይ ይድረቅ። በቀን አንዴ ገላሽን ስትታጠቢ ንጹሕ ውሃ ይበቃዋል። ሳሙና፣ አልኮልና ዴቶል ጡት ጫፍ ላይ ቦታ የላቸውም። በጥቁሩ ክፍል ላይ የምታያቸው ትንንሽ ጉብታዎች ቆዳውን የሚያለሰልስ ቅባት የሚያመነጩ እጢዎች ናቸው፤ ሳሙና ያንን ነው ጠርጎ የሚወስደው። ፋርማሲ ውስጥ ንጹሕ ላኖሊን ካገኘሽና አቅሙ ካለሽ በስሱ መቀባት ይቻላል፣ ልጁ ሲጠባ መጥረግ አያስፈልገውም። ቅቤውን ለገንፎው ተዪው። ማር ግን በምንም ምክንያት አትቀቢ! ከ1 ዓመት በታች ላለ ሕፃን ማር ቦቱሊዝም የሚባል፣ ጡንቻን የሚያዝል አደገኛ መመረዝ ሊያመጣ ይችላል።

ጡት መያዣሽ ብረት የሌለው፣ የጥጥ፣ የማያጣብቅ ይሁን። ለሚፈሰው ወተት ከፋርማሲ የሚገዛ ንጣፍ ባይኖርሽ አሮጌ ነጠላ በአራት መአዘን ቆርጠሽ፣ ደርበሽ ስፊው። ቁምነገሩ እርጥብ ሲሆን መቀየሩ ነው። አጥበሽ ፀሐይ ላይ አስጪው። የረጠበ ጨርቅ ተለጥፎበት የዋለ ቁስል አይድንም፤ ተጣብቆ ከደረቀ ደግሞ ከመላጥሽ በፊት በውሃ አርጥቢው።

ማጉረስ ጨርሶ ያልቻልሽበት ቀን ቢመጣ ያንን ጡት ለአንድ ቀን አሳርፊው፤ ወተቱን ግን በእጅሽ እያለብሽ ለልጁ በሲኒ ስጪው። አዎ፣ በቡና ሲኒ። ጡጦ ካልታጠበ ተውሳክ ይሸሽግበታል፤ ሲኒ ግን ትፈላለች፣ ጥግ የላትም። ልጁን ቀና አድርገሽ ያዢው፣ የሲኒውን ከንፈር ታችኛው ከንፈሩ ላይ አሳርፊ፣ ወተቱን እስኪነካው አዘንብዪ። አትገልብጪበት፤ እሱ ራሱ በምላሱ እየላሰ ይወስደዋል።

አጎራረሱ ሁሉ ልክ ሆኖ ሳለ በድንገት ማቃጠል ከጀመረ፣ በተለይ ልጁ ከለቀቀ በኋላም የሚቀጥል ከሆነ፣ የልጁን አፍ በሌላ ዓይን እዪ። ምላሱና ጉንጩ ላይ ቢጠርጉት የማይለቅ ነጭ ነገር ካለ ፈንገስ ሊሆን ይችላል። ናይስታቲን የሚባል የፈንገስ መድኃኒት ለልጁም ለአንቺም ይታዘዛል፤ አንዳችሁ ብቻ ብትታከሙ ይመላለሳል። ነጭ ነገር ሳይኖር የጡትሽ ጫፍ በብርድ ነጥቶ ከዚያ የሚነድሽ ከሆነ ግን የደም ሥር መኮማተር ነው። በክረምት ጠዋት የሚብስባቸው አሉ። እንዲህ ከሆነ ከላይ ያልኩሽን ቀዝቃዛ ነገር ተዪውና ልጁ እንደለቀቀ ጡትሽን ወዲያው በሞቀ ደረቅ ጨርቅ ሸፍኚ።

ሲቀላና ሲያንቀጠቅጥ

አንድ ጡት፣ አንድ ቦታ፣ እብጠት። ቀልቷል፣ ይግላል፣ ሲነኩት ያማል። ከዚያ ብርድ ብርድ ይልሽና ትኩሳትሽ 38.5 ይደርሳል፣ አጥንትሽን ይቆረጥምሻል። ቤት ውስጥ ወዲያው «ምች ነው» ይባልና ዳማከሴ ይጨመቃል። ዳማከሴውን ብትሸቺው አልከለክልሽም፤ ይህ ግን የጡት ብግነት ነው፣ የራሱ አካሄድ አለው።

በፊት እኛም ራሳችን «እብጠቱን በደንብ እሺው» እንል ነበር። አሁን የሚመከረው ተለውጧል። በኃይል ማሸት፣ በዘይት መዳመጥ፣ በጡጫ መግፋት የቆሰለውን ሥጋ የበለጠ ያቆስለዋል። መነካካት ካለበት ቆዳውን ብቻ፣ ከእብጠቱ ወደ ብብትሽ አቅጣጫ፣ በጣም በቀስታ ዳበስ አድርጊው። ልጁን እንደ ወትሮው አጥቢ፤ ከወትሮው አስበልጠሽ አይደለም፣ አስቀንሰሽም አይደለም። ቀዝቃዛ ነገር አድርጊበት። የጨጓራ ወይም የኩላሊት ችግር ከሌለብሽ አይቡፕሮፌን 400 ሚሊግራም ከምግብ በኋላ፣ በቀን እስከ ሦስት ጊዜ እብጠቱንም ሕመሙንም ይቀንሳል። ያለበለዚያ ፓራሲታሞል። ተኚ፤ ልብስ የሚያጥብ፣ ወጥ የሚሠራ ሰው ይፈለግ።

«ወተቱ ተመርዟል፣ አታጥቢው» የሚለውን አትስሚ። ልጁን አይጎዳውም፤ ድንገት ማቆምሽ ግን ወተቱን አጠራቅሞ ወደ መግል ሊያደርሰው ይችላል።

በ24 ሰዓት ውስጥ ካልተሻለሽ፣ ወይም ከመጀመሪያውም ትኩሳቱ ከበረታብሽ፣ ወይም የተሰነጠቀው ቦታ መግል ካሳየ ወደ ጤና ተቋም ሂጂ። እንደ ክሎክሳሲሊን ያለ ፀረ ባክቴሪያ ይታዘዝልሻል። ሲሻልሽ የተረፈውን ክኒን መሳቢያ ውስጥ አታስቀምጪ፤ የታዘዘልሽን ጨርሺ። ከጎረቤት የተረፈ አሞክሳሲሊንም አትቀበዪ፤ ብዙ ጊዜ ለዚህ በሽታ አይሆንም። መድኃኒቱን ወስደሽም እብጠቱ አንድ ቦታ ላይ ተወስኖ ከቀረና ሲጫኑት ፈሳሽ ያለበት ከመሰለ መግል ቋጥሯል፤ በአልትራሳውንድ ታይቶ በመርፌ ወይም በትንሽ ቀዳዳ ይወጣል። ቤት ውስጥ አይበጣም።

ኤችአይቪ በደምሽ ያለ እናት ከሆንሽና መድኃኒትሽን እየወሰድሽ የምታጠቢ ከሆነ፣ ከላይ ያልኩት አንድ ነገር ለአንቺ ይለያል። የሚደማ የጡት ጫፍም ሆነ የጡት ብግነት ቫይረሱ ወደ ልጁ የሚያልፍበትን ዕድል ይጨምራል። በታመመው ጡት አታጥቢ፤ እያለብሽ ድፊው፣ በጤነኛው አጥቢ፣ በዚያው ቀን ደግሞ ወደ ክትትል ክፍልሽ ሂጂ። ሁለቱም ከታመሙ ልጁ ምን እንደሚሰጠው እዚያው ይነግሩሻል። ቀጠሮሽ እስኪደርስ አትጠብቂ። መድኃኒትሽንም በየሰዓቱ ውሰጂ።

ሥራ ስትመለሺ

በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156 ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 ቀን ከነደመወዙ ፈቃድ ይሰጣል። ለልጁ ጡት ብቻ ስጪ የምንለው ግን 6 ወር ነው። መሃል ላይ የቀሩትን ወራት የሚሞላው የእናትየው እጅ ነው፤ ቢሮ ውስጥ የሚያጋት ጡትም ከዚያው ይመጣል። አሜሪካ፣ ሜሪላንድ ያለችው ታናሽ እህቴ የምትሠራበት ቦታ ለማለቢያ የተከለለ ክፍል ሰጥቷታል። እዚያ አገር በ2022 እ.ኤ.አ. ማብቂያ የጸደቀ ሕግ አብዛኞቹ ሠራተኞች ከወለዱ በኋላ እስከ 1 ዓመት ድረስ ወተት የሚያልቡበት ጊዜና መጸዳጃ ቤት ያልሆነ ቦታ እንዲያገኙ ያስገድዳል። እዚህ አብዛኞቻችን የሰነድ ክፍሉን ቁልፍ ከምታውቂያት ሴት መለመን ነው ያለን። ለምኚ፤ አትፈሪ።

ፓምፕ ቢኖርሽ ጥሩ፤ ባይኖርሽም እጅሽ በቂ ነው። ሥራ ከመግባትሽ ሁለት ሳምንት ቀድመሽ ተለማመጂው። እጅሽን ታጠቢ። አፈ ሰፊ፣ የፈላ ኩባያ አዘጋጂ። አውራ ጣትሽን ከላይ፣ ሌሎቹን ከታች፣ ከጡት ጫፉ ከ3 እስከ 4 ሴንቲ ሜትር ያህል ራቅ አድርገሽ አስቀምጪ። መጀመሪያ ወደ ደረትሽ ተጫኚ፣ ከዚያ ጣቶችሽን አገናኚ፣ ልቀቂ። ተጫኚ፣ አገናኚ፣ ልቀቂ። ጣትሽ ቆዳው ላይ መንሸራተት የለበትም፤ የጡት ጫፉንም አትጭመቂ፣ ወተቱ ያለው ከኋላው ነው። መጀመሪያ ላይ ምንም ላይመጣ ይችላል፤ አትቁሚ። ሲመጣ ጣቶችሽን እያዞርሽ ከሁሉም አቅጣጫ አልቢ። አንዱ ሲቀንስ ወደ ሌላው፣ ከዚያ ተመልሰሽ ወደ መጀመሪያው። ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ይፈጃል። የልጁን ፎቶ በስልክሽ እያየሽ ብታደርጊው ወተቱ ቶሎ ይወርዳል፤ ሆርሞኑ ስሜት ስለሚሰማ ነው።

የታለበው ወተት ከ25 ዲግሪ በማይበልጥ ቤት ውስጥ 4 ሰዓት፣ ፍሪጅ ውስጥ እስከ 4 ቀን ይቆያል። በሩ ላይ ሳይሆን ወደ ውስጥ፣ ከኋላ አስቀምጪው፤ መብራት በሚጠፋበት ሰፈር ካለሽ ደግሞ 4 ቀን ብለሽ አትመኪ፣ በማግስቱ ይጠጣ። ስታሞቂው ኩባያውን በሞቀ ውሃ ውስጥ አቁሚው እንጂ እሳት ላይ አትጣጂው። ልጁ አፉን ያስገባበት ተራፊ ከ2 ሰዓት በላይ አይቆይም።

ወተት አነሰኝ ብላ የምትመጣ እናት መጀመሪያ የምትጠይቀኝ ስለ አጥሚትና ስለ አብሽ ነው። አጥሚት ጠጪ፤ ጉልበት ይሰጣል፣ ፈሳሽም ነው። ወተቱን የሚጨምረው ግን ደህና የጎረሰ ልጅና በተደጋጋሚ ባዶ የሚሆን ጡት ነው። ጾምን በተመለከተ ከነፍስ አባትሽ ወይም ከሼኽሽ ጋር ተነጋገሪ፤ እኔ የምጠይቅሽ ውሃ እንዳትጠሚ ብቻ ነው።

ማስጣል

እሬት መቀባት ያሳደገን ዘዴ ነው፤ እኔም በእሬት ነው የጣልኩት ብላኛለች እናቴ። ችግሩ ልጁ ላይ ብቻ አይደለም። ትላንት አምስት ጊዜ ይጠባ የነበረ ጡት ዛሬ በአንድ ጊዜ ሲቋረጥ አጋትቶ ትኩሳት ያመጣል፤ ማስጣያ ሰሞን የጡት ብግነት ይዘው የሚመጡ እናቶች ለዚህ ነው። 2 ዓመት ሞላው፣ ይብቃኝ ካልሽ በየጥቂት ቀኑ አንድ ማጥቢያ ቀንሺ፤ መጀመሪያ የቀኑን፣ በመጨረሻ የመኝታውን። በመሃል ከተወጠርሽ እስኪላላ ብቻ አልቢ።

ሕፃኗን ያጣች እናትም ጡቷ ያጋታል። ቤተ ዘመድ ለቅሶው ላይ ስለሚሆን ይህንን የሚነግራት ሰው የለም፤ በሦስተኛው ቀን ልብሷ ሲረጥብ ብቻዋን ትደነግጣለች። እንደዚህ ያለች እህት ቤት ከሄድሽ ቀዝቃዛ ጨርቅና ደህና አድርጎ የሚደግፍ ጡት መያዣ ይዘሽላት ሂጂ። ሕመሙ እስኪቀል ያህል ብቻ ትለበው፤ ፓራሲታሞል ትውሰድ። በአንድ በሁለት ሳምንት ይደርቃል። ወተት የሚያደርቅ መድኃኒትም ሐኪም ሊያዝላት ይችላል፤ መጠየቅ ነውር አይደለም።

ልጁ ጡት ከተወ በኋላ ለወራት ጠብ ጠብ የሚል ወተት ብታዪ አትደንግጪ። እያጠባሽም ሆነ ካስጣልሽ በኋላ፣ ሁለት ሳምንት አልፎት ያልጠፋ እብጠት፣ ወደ ውስጥ የሚጎትት ቆዳ ወይም ቁስል ሳይኖር ከጡት ጫፍ የሚወጣ ደም ካየሽ ግን «የወተት ነው» ብለሽ አትተዪው። የሚያጠባ ጡትም በአልትራሳውንድ ይታያል፤ ለመመርመር ማስጣል አያስፈልግም።